ረጅም ወንዝ በካያክ፣ ብቻን፦ ስንቅ የምትሞሉት እንዴት ነው?

ቁልቁል_ወራጅ (የክሩ ጀማሪ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሚቀጥለው የቀዘፋ ወቅት ብቻዬን ረጅም ወንዝ በካያክ ለመውረድ እየተሰናዳሁ ነው። የትኛውን እንደሆነ ገና አልቆረጥኩም፤ ሰሜን አሜሪካ ያሉት ዩኮንና ሚዙሪ ልቤን ለሁለት ከፍለውታል። ጀልባዬ ከአምስት ሜትር ትንሽ ትረዝማለች፣ የፊትም የኋላም ዕቃ ማስቀመጫ አላት።

ዕቅዴ ይኸው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር እቀዝፋለሁ፣ የ10 ቀን ምግብ ጭኜ እነሳለሁ፣ የቀረውን ቀን ቆርጬ በየከተማው ፖስታ ቤት በሳጥን አስቀድሜ እልካለሁ። በሰንጠረዥ ሠርቼዋለሁ፣ ሲያዩት ያምራል። እናንተ ብቻችሁን የወረዳችሁ ሰዎች ግን ስንቅ እንዴት ነው የምትሞሉት? ገበያ ስትወጡስ ጀልባዋን የት ትታችሁ ነው? ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ረዘም ያለ ቀን ስቀዝፍ የቀኝ እጄ አንጓ ያቃጥለኛል። ጓንት ይሻላል ወይስ መቅዘፊያ ልቀይር?

ዘገምተኛ

ሰንጠረዡ የሚያምረው ነፋስ የሚባል ዓምድ ስለሌለው ነው።

የተጫነች ካያክ በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ወንዙ 3 ኪሎ ሜትር ካገዘህ ወደ 8 ትጠጋለህ። 50 ኪሎ ሜትርህ ከስድስት ሰዓት ትንሽ የበለጠ ቀዘፋ ሆነ፤ ሰው ይችለዋል። ያው ሰው በዚያው ጉልበት ግድብ ያቆመው ሐይቅ ላይ ሲገባ በእነዚሁ ሰዓታት 35 ቢሄድ ጎበዝ ነው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ 15 ትሆናለች። ከበረታ ምንም፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ ስንቅህን ትበላለህ። ሚዙሪ ላይ የኦዋሂ ሐይቅ ብቻውን ወደ 370 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከእሱ በላይ ያለው ሳካካዌያ ደግሞ 285 ገደማ ነው። እነዚህን ለ50 አካፍለህ ቀን ቆርጠህ ሳጥን ከላክህ፣ ከዚያ በኋላ መቼ እንደምትቀዝፍ የሚወስንልህ ሳጥኑ ነው።

ስለዚህ ስንቅን በኪሎ ሜትር አታስላ፣ በመጥፎ ቀን አስላ። በሁለት የስንቅ ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት ውሰድ፤ በጎበዝ ቀንህ ሳይሆን በደካማ ቀንህ አካፍለው፤ የመጣው ላይ ሦስት ቀን ጨምር። የሦስቱ ቀን ምግብ ምድጃ የማይፈልግ ይሁን፣ ለብቻው ይታሰር፣ ካልጨነቀህ አትንካው። እኔ የምፈራው ማዕበሉን አይደለም። «ዛሬ ካልደረስኩ ፖስታ ቤቱ ይዘጋል» ብሎ ማዕበል ላይ የሚወጣውን ሰው ነው የምፈራው።

ሳጥን_ላኪ

ዘገምተኛ፣ ሳጥኑን ያለ ጥፋቱ ወነጀልከው። ጥፋቱ ቀን መቁረጡ ነው። መንገድ ዳር ያሉ ትንንሽ ሱቆች ውስጥ የምታገኘው ነገር በየጊዜው ይለያያል። የተለየ ምግብ ወይም መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ያለ ሳጥን አይሆንለትም።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ደሊቨሪ ይሉታል፣ በሌሎች ብዙ አገሮች ፖስት ሬስታንት። ስምህን፣ የፖስታ ቤቱን ከተማና ኮድ ጽፈህ ትልካለህ፤ መታወቂያ አሳይተህ ትቀበላለህ። በአሜሪካ እስከ 30 ቀን ያቆዩልሃል፤ ሌላ አገር ጊዜው ሊያጥር ስለሚችል መጠየቅ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም መታወቂያህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ከጎኑ «የወንዝ ተጓዥ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይደርሳል» ብለህ ሰፊ ክልል ጻፍ። የትናንሽ ከተሞች ፖስታ ቤት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚከፈትበት ቀን አለ፤ ቅዳሜና እሑድን ሳትቆጥር አትንቀሳቀስ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሁሉንም ሳጥን በአንድ ጊዜ አለመላክ ነው። ዕቃውን ቤት የሚያስቀምጥልህ ሰው ይኑር፤ አንተ ከአንዱ ከተማ ስትደውል የቀጣዩን ይላክ። ያኔ ቀኑን የምትቆርጠው ወንዙን ካየህ በኋላ ነው። ምን እንደበዛብህና ምን እንዳነሰህም ትነግረዋለህ። አስቀድመው የታሸጉ ሳጥኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ ነው የሚይዙት፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ማየት ያስጠላል።

ነዳጅ በሳጥን አይላክም። የጋዝ ቆርቆሮም አውሮፕላን ላይ አይጫንም። የምትወርድበት አካባቢ በቀላሉ የሚሸጠውን ነዳጅ የሚያነድ ምድጃ ያዝ።

ደለል

ሁላችሁም ስለ ምግብ ታወራላችሁ፤ ጀልባዋን የሚያጎብጣት ውሃ ነው።

ደረቅ ምግብ ለሚቀዝፍ ሰው በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ይበቃል፤ ዘይት ያለበት ሲሆን ደግሞ ያነሰ ክብደት የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። የ10 ቀን ምግብ እንግዲህ 7 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃ በቀን ለመጠጥና ለማብሰያ 4 ሊትር ብትል፣ የሁለት ቀን ተኩሉ ብቻ 10 ኪሎ ሆነ። «ወንዝ ላይ ነኝ፣ ውሃ ምን ያሳስበኛል» የሚል ሰው ወንዙን ጠጥቶ አያውቅም።

ዩኮንን ውሰድ። ዋይት የሚባለው ወንዝ እስኪገባበት ድረስ ደህና ነው። ዋይት ከበረዶ ግግር የተፈጨ ደለል ይዞ ይመጣና ከዚያ በታች ውሃው ግራጫ ይሆናል፤ ጸጥ ብለህ ከሰማህ ደለሉ የጀልባዋን ሆድ ሲፍቅ ይሰማሃል፣ ሽሽሽ ይላል። እንዲህ ያለ ውሃ ማጣሪያህን ባንድ ቀን ይደፍነዋል። ስለዚህ ከጎን የሚገቡትን ንጹሕ ጅረቶች ካርታህ ላይ ምልክት አድርግና ከእነሱ ቅዳ። ካልተገኘ በባልዲ ቀድተህ አሳድረው፤ ይዘቅጣል። የጠራውን ከላይ ቀስ ብለህ በጨርቅ አሳልፈህ ነው ወደ ማጣሪያው የምታስገባው። ማፍላት ካለብህ በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ሦስት ደቂቃ።

የእርሻ አገር አቋርጦ የሚሄድ ወንዝ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ተራ ማጣሪያም ማፍላትም ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አያወጡም። እዚያ ውሃው ራሱ ስንቅ ነው፤ ከከተማ ቧንቧ ሞልተህ ነው የምትነሳው። የስንቅ ቦታዎችህን ስታሰላ ምግብ ያለበትን አይደለም፣ ቧንቧ ያለበትን ቁጠር።

ቁልቁል_ወራጅ

ደለል፣ ይኼን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያውስ ዩኮን ይቀለኛል ማለት ነው? ከዋይትሆርስ ከተማ እስከ ዶውሰን ከተማ ከ700 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ መሀሉ ላይ ካርማክስ የምትባል መንደር ብቻ ናት ያለችው።

ዘገምተኛ

ለስንቅ አዎ፣ ይቀላል፤ ውሳኔ የለውማ። ካርማክስ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ትሞላለህ፣ ከዚያ እስከ ዶውሰን ሱቅ የለም። ውሃው ፈጣን ስለሆነ 50 ኪሎ ሜትርህን ሳትደክም ታልፈዋለህ። መጀመሪያ ላይ ያለው ላባርጅ ሐይቅ ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የቆመ ውሃ ነው፤ ነፋስ ሲነሳበት ክፉ ነው። ዳር ዳሩን ያዝ፣ ማለዳ ተነሳ፣ ለእሱ ብቻ ሁለት ትርፍ ቀን መድብ። ከካርማክስ በታች ፋይቭ ፊንገር የሚባለው፣ ውሃው በዓለቶች መሀል ተከፋፍሎ የሚናወጥበት ቦታ ላይ የቀኙን መተላለፊያ ያዝ። ያን ለማድረግ ገና ከሩቅ ወደ ቀኝ መጠጋት አለብህ፣ ደርሰህ የምትወስነው አይደለም።

ድብ አገር መሆኑን አትርሳ። የምታበስልበትና የምትተኛበት ይራራቁ፣ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይግባ።

ወደብ_ጠባቂ

ጀልባዋን የት ትተህ ገበያ ትወጣለህ ላልከው። የጀልባ ማቆሚያ ካለ እዚያ ግባና ሰው አናግር። «ከየት ነው የመጣኸው?» ያለህ ሰው ጀልባህን ይጠብቅልሃል፤ ታሪክህን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያሰርቅህ ጥቂት ነው።

ማቆሚያ ከሌለ ደግሞ የኔ ዘዴ ይኼ ነው። ከተማው ዋዜማ ላይ፣ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ከፍ ብዬ አድራለሁ። ጠዋት እገባለሁ፣ ገዝቼ ውሃ ሞልቼ ስልኬን ሞልቼ፣ ከሰዓት በፊት እወጣለሁ፣ ማታ ከከተማው በታች ራቅ ብዬ አድራለሁ። ማታ ከተማ ገብቶ ዳርቻው ላይ ድንኳን መትከል የችግር ሁሉ መነሻ ነው። ሰካራሙም ጎረምሳውም ያኔ ነው የሚመጣው።

ስትወጣ መቅዘፊያህን ይዘህ ውጣ። ሰው ይስቅብሃል፣ ይሳቅ። ያለ መቅዘፊያ ጀልባዋን ወስዶ የትም አይደርስም። የመቀመጫውን ክፍል በሽፋኑ ድፈነው፣ ውስጡ ያለውን ማንም አይይ። በሽቦ ገመድ ከዛፍ ጋር ቆልፋት። መታወቂያ፣ ስልክ፣ ገንዘብና የሳተላይት መልእክት መላኪያው አንድ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ሆነው ከትከሻህ አይወርዱም።

ማዕበል_አይፈራም

ጀልባው ላይ «በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት የሚለጥፉም አሉ፣ ሰው ሰምጧል ብሎ ፍለጋ እንዳይጠራ።

ወደብ_ጠባቂ

ለሌባውም ስንት ሰዓት እንዳለው መንገር ነዋ! ስልክ ቁጥር ጻፍ፣ ሰዓት አትጻፍ።

ወገብ_እንጂ_ክንድ

አንጓውን ሁላችሁም አልፋችሁት ሄዳችሁ፤ እኔ ግን ጉዞ የሚቆመው በስንቅ ማጣት ሳይሆን በእጅ ነው ባይ ነኝ።

ወንድሜ፣ ጓንት ውሃ ያቋጠረውን መዳፍ ነው የሚረዳው፣ አንጓን አይደለም። አንጓ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፦ መቅዘፊያውን ጨብጠህ ስትይዝና በየምቱ አንጓህን ስታጥፍ። መያዣውን በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሀል እንደ ቀለበት ያዝ፣ የቀሩት ጣቶች ይላሉ። የላይኛው እጅህ ወደ ፊት ሲገፋ ጣቶቹን ክፈታቸው፤ የሚገፋው መዳፍህ ነው። ክንድህና የእጅህ ጀርባ ቀጥ ያለ መስመር ይሁኑ።

ጉልበቱ ከወገብ ይምጣ። መቅዘፊያውን ከእግርህ ጣቶች አጠገብ ታጠልቃለህ፣ ምላሱ (ውሃ የሚገፋው ሰፊ ጫፉ) ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ በኋላ ነው የምትጎትተው፤ የምትጎትተውም ደረትህን በማዞር ነው። ዳሌህ ጋ ሲደርስ አውጣው፤ ከዚያ ካለፈ ውሃ ወደ ላይ ማንሳት ነው፣ ጀልባዋን ያቆማታል። በቀዘፍክበት በኩል ያለው እግርህ የእግር መርገጫውን ይግፋ። ማታ እግርህና ጎንህ ከደከመ በደንብ ቀዝፈሃል፤ ክንድህ ብቻ ከደከመ ግን ቀዘፋህን ፈትሽ።

መቅዘፊያ መቀየሩ ይረዳ ይሆናል፤ ግን ትልቅ ምላስ ያለው አትግዛ። ለረጅም ጉዞ ጠበብ ያለ ምላስና ቀለል ያለ ዘንግ ነው የሚሻለው፤ ዝግ ባለ ምት ቶሎ ከሚያደክም፣ ቀለል ባለ ምት ሙሉ ቀን የሚያስኬድ። ሁለቱ ምላሶች አንዱ ከሌላው ዞሮ የተገጠሙ ከሆኑ አንጓህን እያዞርክ ነውና በመሀላቸው ያለውን ማዕዘን ወደ ዜሮ አውርደህ ለተወሰነ ጊዜ ሞክረው።

ዘገምተኛ

እህቴ በማዕዘኑ ላይ አልስማማም። ዜሮ ስታደርገው ከፊት በሚመጣ ነፋስ አየር ላይ ያለው ምላስ ሸራ ይሆንብሃል።

ወገብ_እንጂ_ክንድ

ዝቅ አድርጎ ለሚቀዝፍ ሰው ያን ያህል አይደለም። ለማንኛውም የአንጓው ሕመም ሳይሻለው ስለ ነፋስ ማውራት ትርፍ ነው። ካበጠ ወይም ሲታጠፍ እንደ መንቀጭቀጭ ካለ ደግሞ ዘዴ አይፈልግም፣ ዕረፍትና ሐኪም ነው። ስንቅ የምትሞላበትን ቀን የእጅ ዕረፍት ቀን አድርገው፤ ግማሽ ቀን ገበያ፣ ግማሽ ቀን ምንም። «የጠፋውን ሰዓት ላካክስ» ብለህ ከሰዓት በኋላ 40 ኪሎ ሜትር አትውጣ።

ከባድ_ጭነት

እህታችን ያለችውን ላጠናክር። ስንቅ የሞላህ ቀን ጀልባህ ሌላ ጀልባ ናት። ሰውነትህ ትናንት የለመዳት ቀላል ናት፣ ዛሬ 20 ኪሎ ጨምራለች። ለመነሳት ትዘገያለች፣ ለመቆም ትዘገያለች፣ መታጠፊያ ላይ የምትዞረው አንተ ካሰብከው በታች ነው። ወዝዋዛነቷ ይቀንሳል፣ ያ ጥሩ ነው፤ ግን የወደቀ ዛፍ ፊትህ ብቅ ሲል አስቀድመህ ካልጀመርክ አታመልጥም። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሀል ያልፋል፣ አንተ አታልፍም። ከሞላህ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓት በረጋ ቦታ አሳልፈው።

አጫጫን፦ ከባዱ ከመቀመጫህ ጀርባና ከእግር መርገጫው ፊት፣ ወለሉ ላይ። ውሃ ከሁሉም ከባድ ስለሆነ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ። ጫፎቹ ላይ እንደ መኝታ ከረጢት ያለ ቀላል ነገር። ከውጭ፣ የጀልባዋ ላይኛው ገጽ ላይ ምንም ባይታሰር ደስ ይለኛል፤ ነፋስ ይይዘዋል። ጅራቷ በጣት ያህል ዝቅ ብትል ይሻላል፣ አፍንጫዋ ከከበደ በነፋስ ትዞራለች። ከአንድ ትልቅ ከረጢት አምስት ትንንሽ ይሻላል፣ በክቧ ቀዳዳ የሚገባው ትንሹ ነው። ካርቶኑን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ጥለህ ና።

ማዕበል_አይፈራም

ውሃውን ማንበብ አልተነገረም። መታጠፊያ ላይ ፈጣኑ ውሃ በውጪው ዳር ነው፣ ውስጠኛው ዳር ዘገምተኛና አሸዋማ ነው። ነፋስ ከፊት ከመጣ ግን ውስጠኛው ይሻላል፤ ወንዙ ቁልቁል እየሮጠ ነፋስ ሽቅብ ሲገፋው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ያ ጀልባ ይሞላል።

ጭነት መርከብ ያለበት ወንዝ ላይ፣ ለምሳሌ ሚሲሲፒ፣ ከመስመሩ ውጡ። ላይኛው ሚሲሲፒ ላይ አንድ ገፊ መርከብ 15 የጭነት ጀልባ ይገፋል፤ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ ካፒቴኑም ከፊቱ በቅርብ ያለውን አያይም። እዚያው ላይ 29 ሎክና ግድብ አለ፤ ሎክ ማለት ውሃውን ከፍና ዝቅ እያደረገ ጀልባ በግድቡ የሚያሳልፍ፣ በር ያለው ክፍል ነው። ትንሽ ጀልባ ሎኩ ግድግዳ ላይ ያለውን ገመድ ስቦ ጠባቂውን ይጠራል፣ አብዛኞቹ ላይ ተሸክሞ ማለፍ የለበትም። ሚዙሪ ላይ ግን ግድቦቹን በምድር ነው የምታልፋቸው፤ ጎማ ያለው ጋሪ ያስፈልግሃል፤ የእሱን ክብደትና ቦታም ሂሳብ ውስጥ አስገባ። ዝቅተኛ ግድብ ካየህ ደግሞ «ትንሽ ናት» አትበል። ከታች ያለው ውሃ ወደ ራሱ እየተጠቀለለ ሰው ይዞ ያስቀራል።

ቁልቁል_ወራጅ

በጣም አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን ቀደድኩት፤ ዩኮንን መረጥኩ። እስከ ካርማክስ የ9 ቀን ምግብ፣ ሦስቱ ያልተነካ። ሳጥን የለም። ከካርማክስ በታች ደግሞ እዚያ የምገዛው። የቀረኝ ጥያቄ የሳተላይቱ መሣሪያ ነው፤ ከፊት ለፊቴ ጀልባዋ ላይ ልሰረው ወይስ ምን?

ከባድ_ጭነት

በፍጹም ጀልባዋ ላይ አይሁን! ከጀልባዋ ብትለያይ አብሯት ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ የሚባለውን አንድ፣ አሥር፣ አንድ ታውቃለህ? ስትወድቅ ትንፋሽህን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ገደማ፣ እጅህ የሚሠራልህ አሥር ደቂቃ ገደማ፣ ከዚያ ቅዝቃዜው ራስህን እስኪያስትህ አንድ ሰዓት ገደማ። አሥሩ ደቂቃ ውስጥ ቁልፉን መጫን ካለብህ መሣሪያው ነፍስ አድን ጃኬትህ ላይ ነው መሆን ያለበት፣ በግራ እጅህም በቀኝ እጅህም የምትደርስበት ቦታ። ጃኬቱም ዘወትር ከላይህ አይወርድም። በስሙ የማይፈራው ጋሻችን ማዕበል_አይፈራም ብቻ ነው :)

ዘገምተኛ

ቤት ለሚጠብቅህ ሰውም ቀን አትስጠው፣ ክልል ስጠው። «ከዚህ ቀን በፊት አትጨነቅ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ካልሰማህ ደውል» በለው። የሚደውልበትን ቁጥርም አሁኑኑ ጻፍለት። አንተ ሐይቅ ዳር ነፋስ ስትጠብቅ እሱ አዳኝ ጀልባ ከጠራ፣ ያው የፖስታ ቤቱ ሳጥን በሌላ መልክ መጣብህ ማለት ነው።

ቁልቁል_ወራጅ

ገባኝ። ጃኬቱ ላይ የሚንጠለጠልበት ቦታ አለው፣ ዛሬ እሰፋዋለሁ። አንጓውን ደግሞ በዜሮ ማዕዘን ሞክሬ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።